ከደሴ ፒያሳ እስከ አራዳ ፒያሳ፦ «እኔ ነኝ» ሲባል የሰማሁበት ሳምንት

ደሴም የራሷ ፒያሳ አላት። ቢሯችን እዚያው ነው፤ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ጦሳ ተራራ በመስኮት በኩል አንገቱን አስግጎ የሚያየን ይመስላል። ወደ አዲስ አበባ ፒያሳ ልሄድ መሆኑን የሰሙ ጎረቤቶቼ «ከፒያሳ ወደ ፒያሳ ለመሄድ ምን አደከመሽ?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። ይኸው ተመልሻለሁና ምን እንዳደከመኝ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ያንን ሰፈር ላታዩት ትችላላችሁ። እኔም ካየሁት ግማሹ ዛሬ በቦታው ያለ፣ ግማሹ ደግሞ በሰው አፍ ብቻ የቀረ ስለሆነ፣ ሕልም የምተርክ ቢመስላችሁ አልቀየምም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ዘሃራ እባላለሁ። አንድ ሰው የታዘዘለት መድኃኒት በየትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለ በስልኩ እንዲያይ የሚያደርግ ትንሽ ድርጅት መሥርቻለሁ። ሲጀመር እኔና አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነበርን፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ስንከራከር እንውል ነበር። ሰው እየቀጠርን ስንሄድ ግን ቢሮው ዝም እያለ መጣ። ስብሰባ ስጠራ ሁሉም «እሺ» ይላል። ሐሳብ ስጠይቅ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። መድኃኒት ቤቶችን እየዞረች መረጃ የምትሰበስብልን ሠናይት የምትባል ልጅ አለች፤ በስብሰባ ላይ ድምጿ ምን እንደሚመስል እንኳን አላውቀውም ነበር። የሚበላሸውን ነገር የምሰማው ከደንበኛ ነው፣ ያውም ደንበኛው ከተቆጣ በኋላ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ዳንኤል የደወለው። ዳንኤልን የማውቀው ባሕር ዳር በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። ፒያሳ ውስጥ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ሥርዓት የሚሠራ ድርጅት አለው፤ ሕመምተኛው በስልኩ ቀጠሮ ይይዝና ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። «አንድ ድርጅት እንሁን» አለኝ። «ሐኪሙ ያዛል፣ የአንቺ ልጆች መድኃኒቱን ያገኛሉ። ግን እሺ ከማለትሽ በፊት ነይና አብረሽን ሰንብች። ያላማረሽ ነገር ካለ ሻንጣሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ላይ ነጋ፤ ከሚሴን አለፍን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ከደሴ የለበስኩትን ሹራብ አስወለቀኝ። ደብረ ሲና ላይ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆሎ ገዛሁ። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ስንወጣ ሞተሩ ጋለና ሾፌሩ ተራራውን ከሚያሻግረው ዋሻ ሳይደርስ ዳር ይዞ አቆመ። ውሃ እስኪቀዳና ሞተሩ እስኪበርድ ወረድን።

ጉም እናውቃለን፣ ደሴዎች ነን። የጣርማ በር ጉም ግን ሌላ ነው። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ አንድ እርምጃ ሲራመድ እግሩ ጠፋ፣ ሌላ ሲጨምር ጭንቅላቱ ጠፋ። የሰው ድምፅ ብቻ በነጭ አየር ውስጥ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ሹራቤን ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ኖሮ ተንቀጠቀጥኩ። ጎኔ ተቀምጠው የመጡ አንዲት እናት የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። በአንድ ጋቢ ውስጥ ሁለታችንም ቆሎ እየቆረጠምን፣ የማይታየውን ገደል እያየን ቆየን። ሞተሩ ሲነሳ ቅር አለኝ።

አዲስ አበባ ስገባ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ዳንኤል ማረፊያዬ እናቱ ቤት እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ ቤታቸው እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር ነው። «ዶሮ ማነቂያ ጋ ውረጂና ደውዪልኝ» ብሎኛል። የታክሲው ረዳት «ዶሮ ማነቂያ ወራጅ» ስለው አየኝና ሳቀ።

«እህቴ፣ ከየት ነው የመጣሽው? ዶሮ ማነቂያ እኮ የለም!»

«ኧረ በአላህ! ወዴት ሄደ?»

«ፈረሰ። ቦታው አለ፣ ሰፈሩ ነው የሌለው። አሁን መንገድ ላይ ነን፣ የድሮ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው የምንነዳው» አለና ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀ። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ግን አልሳቁም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ቀሩ። ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የተተከለ ሣር፣ ረድፍ የያዘ መብራት። እኔ የጠበቅኩት ጥብቅብቅ ያለ ሰፈር ነበር።

የዳንኤል እናት እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ጉንጬን ስመው ሳያበቁ «ከወሎ ነሽ አሉኝ፤ እንግዲህ ቁጥብ እንዳትሆኚብኝ» አሉ። የሰጡኝ ክፍል ዳንኤል ያደገበት ነው፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የሒሳብ ቁጥር እስካሁን አለ። በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየተንጠባጠበ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ በላይነሽ «ቢሮው ድረስ ላድርስሽ፣ እግሬንም ላፍታታ» ብለው አብረውኝ ወጡ። ሰፊው አዲስ መንገድ ላይ ስንደርስ በቀጥታ መሄድ ስንችል ድንገት ወደ ግራ ታጠፉ፣ ትንሽ ሄደው ደግሞ ወደ ቀኝ። ግራ እየገባኝ ተከተልኳቸው። ከዚያ ገባኝ። የፈረሰ ግድግዳ እየዞሩ ነበር።

«እዚህ ጋ የእነ አስካለ አጥር ነበር» አሉ፣ ምንም የሌለበትን አየር እያሳዩኝ። «እግሬ እምቢ አለኝ እኮ ልጄ። ዓይኔ መንገዱን አይቷል፣ እግሬ አላመነም።»

ከጊዮርጊስ በኩል የሚመጣው ደወልና የባቡሩ ጩኸት አንድ ላይ ይሰማል። የጠዋት ጭጋግ ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲወጡ፣ የሚራመዱ ይሁኑ የሚንሳፈፉ አይለይም። ደሴም ጠዋት እንዲሁ ናት፤ ልዩነቱ እኛ ጋ ተራራው ከበላይ ሆኖ ልክ ያስገባናል፣ እዚህ ሰማዩ ወለል ብሎ ሰውን ያሳንሰዋል።

የዳንኤል ቢሮ ከቆሙት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ታች ወርቅ ቤቶች፣ ላይ የእንጨት ደረጃ፣ ከዚያ ጣሊያን የሠራው ረጅም በረንዳ። ደረጃው ሲረገጥ ያቃስታል። ገና ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ የክሊኒክ ሠራተኞችን የምታሠለጥነው ቤቲ፣ ዳንኤል ያሳያትን አዲስ ገጽ አየችና በሁሉም ፊት «ዳኒ፣ ይሄ ነገር ፋራ ነው» አለችው። ዳንኤል ወንበሩን አስጠጋና «እንዴት? አስረጂኝ» አላት። አስረዳችው። ተከራከሩ። ግማሹን አሸነፈች፣ ግማሹን አሸነፈ፣ ከዚያ ታች ወርደው ባንኮኒ ተደግፈው ማኪያቶ ጠጡ። እኔ ቢሮ ውስጥ የአለቃውን ሥራ «ፋራ» የሚል ሰው ቢገኝ ጦሳ ራሱ ዞሮ የሚያይ ይመስለኛል።

«ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያስለመድካቸው?» አልኩት።

«ምንም። አንድ ቀን ሲናገሩኝ ዝም አልኩ፣ ሁለተኛ ቀንም ዝም አልኩ። ከባድ ነው፣ እመኚኝ። ቁጣዬን እየዋጥኩ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ ወረደብኝና የአንድ ጫማዬ ሶል ሙሉ በሙሉ ተገነጠለ። እያነከስኩ ስደርስ እትዬ በላይነሽ ራት አሰናድተው ጠበቁኝ። የሚጤስ ጥብስ ነው። ማመንታቴን አይተው «አትስጊ፣ የእስላም ሥጋ ነው» አሉኝ። ጎረቤታቸው ሐጂ ቤት ሄደው ሥጋውን አስመጥተው፣ እዚያው በእነሱ መጥበሻ አስጠብሰው፣ ሳህኑን ሳይቀር ከእነሱ ተውሰው ነው ያመጡት። እሳቸው ሽሮአቸውን፣ እኔ ጥብሴን ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሲያጎርሱኝ ከእኔው ሳህን ነው የሚያነሱት፤ የእሳቸው እጅ ወደ እኔ ይመጣል፣ የእኔ ምግብ ወደ እሳቸው አይሄድም። ወሎም ውስጥ የሚኖረው እንዲሁ ነው፤ አራዳ ላይ ስላገኘሁት ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ረቡዕ ጠዋት ጫማ አልነበረኝም። «በይ ይቺን አድርጊ» ብለው ተረከዙ ዝቅ ያለ ጥቁር ጫማ ከሣጥን አወጡ። «የቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ናት። ሰፋ ትልሽ ይሆናል።» ሰፋችኝ። በጋዜጣ ጠቅጥቄ አደረግኋት።

ቢሮ ስደርስ ስልኮች ሁሉ ይጮኻሉ። የድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ የሆነው ክሊኒክ ቀጠሮው ተዘበራርቆ፣ በአንድ የቀጠሮ ሰዓት ሁለት ሦስት ሰው ተደራርቦ፣ ኮሪደሩ በሕመምተኛ ተጨናንቆ ነበር። ዳንኤል ጃኬቱን እየለበሰ ነው። ሁሉም ሰው ቆሟል። ከጥግ ኪሩቤል የሚባለው ፕሮግራም ሠሪ ተነሣ፤ እስካሁን «እንደምን አደርሽ» ከማለት ሌላ ሲናገር ያልሰማሁት ወጣት ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት የለወጥኩት ነገር ነው። ሳልፈትሸው ነው የላክሁት። የት እንደሆነ አውቃለሁ።»

ማንም የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። ዳንኤል «ለማስተካከል ምን ያህል ትፈልጋለህ?» አለው ብቻ። «እስከ ምሳ።» «ማን ያግዝህ?» ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ። ዳንኤልና ቤቲ ወደ ክሊኒኩ ሲሮጡ እኔም ተከተልኳቸው።

ያን ኮሪደር አልረሳውም። ነፍሰ ጡሮች ግድግዳ ተደግፈዋል፣ አባቶች በከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈዋል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ቤቲ ወንበር ላይ ወጥታ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የክሊኒኩ አይደለም፤ በመጣችሁበት ቅደም ተከተል እንጠራለን» አለች። ዳንኤል ስም ይጠራል፣ እኔ በእትዬ በላይነሽ ሰፊ ጫማ እየተንሸራተትኩ ሰዎችን ወደ ክፍላቸው አደርሳለሁ። የብዙ ሰው ክንድ ያዝኩ። በኋላ ላይ ሳስበው እንደ ሕልም ይታየኛል፤ ከደሴ መጥቼ በማላውቀው ከተማ፣ በሌላ ሴት ጫማ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች እየደገፍኩ በረጅም ኮሪደር ስመላለስ።

ከምሳ በፊት ሥርዓቱ ተስተካከለ። የክሊኒኩ ባለቤት ጠና ያሉ ሐኪም ናቸው። እንደ ተቆጡ ነበር፤ እውነትም ነበራቸው። «አንዲት ነፍሰ ጡር ጠዋቱን ሙሉ ቆማ ነበር» አሉ። «ይህን የሠራውን ሰው አሰናብተህ አሳውቀኝ። አለዚያ እኛና እናንተ እዚህ ጋ እንለያይ።»

ሐሙስ ዳንኤል ሁሉንም ሰብስቦ ሐኪሙ ያሉትን ቃል በቃል ነገራቸው። ያ ክሊኒክ ከሄደ ግማሹ ሥራቸው እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። የወርቅ አንጥረኛ መዶሻ ከታች ቅጭል ቅጭል ሲል ይሰማል።

ኪሩቤል «እኔ ልውጣ» አለ። «ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት አይጎዳ።»

«አትውጣ» አለች ቤቲ። «ግን ለዶክተሩ ወጥቷል እንበላቸው። ለጥቂት ጊዜ ከቤቱ ይሥራ። ክሊኒኩ ጋ አይታይ፣ አለቀ።»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሳቤን ሲጠይቁኝ እኔም «ቤቲ ልክ ናት» አልኩ። የምር ልክ መስሎኝ ነበር። ማንም አይጎዳም፤ ድርጅቱ ይተርፋል። ዳንኤል ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ። በመስታወቱ በኩል ጀርባውን እናያለን። ታች መንገዱን እያየ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ የሚስማማ መሰለኝ። ከዚያ ተመልሶ ገባ።

«ፈራሁ» አለ። «ስትነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እሺ ልል ነበር። ግን ኪሩቤል ትናንት ማንም ሳይጠይቀው ነው የተነሣው። ዛሬ ከደበቅነው፣ ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ እዚህ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚነሣው? እኔ ራሴ የምነሣ አይመስለኝም።»

ቤቲ «በል እንግዲህ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። እኔንም ጠቀሰችኝ።

ሐኪሙ ቢሯቸው ውስጥ ቆመው ተቀበሉን። ዳንኤል አልተቀመጠም።

«ዶክተር፣ አላሰናብተውም» አለ። «ስህተቱን የነገረን እሱ ራሱ ነው። ሳይፈተሽ እንዲላክ የፈቀደው አሠራር ደግሞ የእኔ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ቀይረነዋል። የሰዎቹን እንግልት በተመለከተ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ሌላ ቅጣት ካለ እኔ ልቀበል።»

«እኔ ጋ ቢሆን አንድ ቀን አይውልም ነበር» አሉ ሐኪሙ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ጨርሰናል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። በጨዋነት ተሰነባበትን። እንዲህ በቀላሉ አለቀ።

ደረጃውን ስንወርድ ከኋላ የችኮላ እርምጃ ተሰማ። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ናት። ወዲያ ወዲህ አየችና ለቤቲ በሹክሹክታ «እናንተ ጋ ሰው ትቀጥራላችሁ?» አለቻት። ቤቲ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዳንኤልም አጠገቧ ተቀመጠ። ሰው እያቋረጠን ይወጣል ይወርዳል፤ ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም።

ዓርብ ጁምዓ ሰግጄ ወደ ቢሮ ስመለስ ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም ነበር። ደስታ የለም። አንደኛው ፕሮግራም ሠሪ የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ አየሁት፤ እሱም ማየቴን አይቶ አልደበቀም፣ «ልጅ አለኝ ዘሃራ» አለኝ። ምሳ ላይ በያይነቱ ከበን በላን። ኪሩቤል ብዙ አልጎረሰም። ቤቲ አንድ ትልቅ ጉርሻ አንሥታ «ይሄን ካልበላህ እኔ ነኝ የማሰናብትህ» ስትለው ግን አፉን ከፈተ። ዳንኤል በረንዳው ላይ ለብቻዬ አገኘኝና «እንግዲህ የምታይውን አይተሻል» አለኝ። «አሁን ከእኛ ጋር መዋሃድ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። አንቺን አላስገድድም። ይመችሽ።»

ታች የፒያሳ ከሰዓት ፀሐይ በወርቅ ቤቶቹ መስኮት ላይ ፈሶ መንገዱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ስንት ሰው በዚያች ቢጫ ብርሃን ውስጥ ተስፋውን ይዞ ተራምዷል ብዬ አሰብኩ። «የቢሮ ልጆቼን ልጠይቅ» አልኩት በመጨረሻ። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ልጠይቃቸው አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ እትዬ በላይነሽ ጫማቸውን ልመልስላቸው ስል እምቢ አሉ። «በምን ትሄጃለሽ? በባዶ እግርሽ?» መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መንገዱን ሙሉ እንቅልፍና ንቃት እየተፈራረቁብኝ፣ ጣርማ በርን ያለ ጉም፣ ገደሉን ወለል አድርጌ እያየሁ አለፍኩ። ሲመሽ ደሴ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ ያየሁትን ነገርኳቸው። ክሊኒኩ መሄዱን አልደበቅኩም። ቤቲ ያቀረበችውን ሐሳብ እኔም ደግፌ እንደነበር ነገርኳቸው። «እንዋሃድ ወይስ ይቅር? እኔ አልወሰንኩም» አልኩ። መጀመሪያ አንዱ በቀስታ «አዲስ አበባ ሂዱ ካልተባልን ይሁን» አለ። ሌላው «እነሱ ራሳቸው ሊዘጉ ቢሆንስ?» አለው። ድምፃቸው እየጎላ መጣ። እስከ ምሳ ተከራከርን። በመጨረሻ እኛ እዚሁ ደሴ ሆነን፣ ከእነ ዳንኤል ጋር አንድ ለመሆን ተስማማን። እነሱም እስካሁን አልተዘጉም፤ ያኔ ማስታወቂያ ሲያይ የነበረው ልጅ ለቅቋል፣ የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ግን ከቤቲ ጋር ትሠራለች።

ያን ሰኞ ግን ሰዉ ሁሉ ለምሳ ከወጣ በኋላ ሠናይት ወንበሯ ላይ ቀርታ ነበር። እጆቿን ጭኖቿ መካከል አጥብቃለች።

«ዘሃራ፣» አለች፣ «ለስኳር በሽተኞች ኢንሱሊን አለ ብለን የምናሳየው አንዱ መድኃኒት ቤት ተዘግቷል። ከተዘጋ ቆይቷል። ሰዎች እየሄዱ ይመለሳሉ። እኔ ነኝ ከዝርዝራችን ያላስወጣሁት፣ እንዳትቆጪ ፈርቼ።»

ምን ያህል ሰው ዳገት ወጥቶ በተዘጋ በር ፊት ቆሟል? አፌ ተከፍቶ ነበር፤ የቁጣ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዳንኤል ከባድ ነው ያለኝ ይኼን ኖሯል። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «አሳዪኝ፣ አሁን አብረን እናስወጣው» አልኳት።